ወደ ኋላ ማንበብ ያልቻለችው ማሽን

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራሉ። ዓይነ ስውር ናቸው። እኔ እዚያው ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነው፣ ግን ብዙ ነገር አያይም። ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሶዳ ይሉኛል፤ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው። ደስ ያላቸው ቀን "ሶዳ ኮ" ይሉኛል፣ "አማቼ" እንደ ማለት። ያልተደሰቱ ቀን ሶዳ ብቻ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት የሚበዛው ባዶው ሶዳ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኛ ቤት ምሳ በልተን እንደተቀመጥን ነው። የጋሼ ስልክ የሚመጣውን መልእክት ድምፅ አውጥቶ ያነባል። ችግሩ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈው ሁሉ እንግሊዝኛ ይመስለዋል። ቢላ ከተማ የምትኖረው ታናሽ እኅታቸው "አከም ጅርታ፣ ነጋዸ?" ብላ የላከችውን ሰላምታ፣ አፍንጫውን እንደያዘ ፈረንጅ ሲያነበንበው የቤቱ ሰው በሙሉ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም።

"እናንተ አንድ ቀን ሰምታችሁ ትስቃላችሁ" አሉ። "እኔ የእናቴን ቤት ሰላምታ በየቀኑ የምሰማው እንዲህ ነው።"

ሳቁ ቆመ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ የሚቀጥለው ሁሉ አይመጣም ነበር።

"እኔ እሠራልዎታለሁ" አልኩ። "ኦሮምኛውንም፣ አማርኛውንም፣ ተቀላቅሎ የተጻፈውንም የሚያነብ። ቀላል ነው።"

ቀላል ነው ስል ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ስለ ወጥ ቤቱ ቧንቧም ይህንኑ ብዬ ነበር፤ ቧንቧው እስከ ዛሬ በጨርቅ እንደታሰረ ነው።

መጀመሪያ ድምፅ ያስፈልገኝ ነበር። የእኔ ድምፅ አይሆንም። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ወለጋ፣ ኡኬ የሰፈረ ሰው ነው፤ እዚያው ተወልጄ ባድግም ኦሮምኛዬ ሽንኩርት ለመግዛት ይበቃል እንጂ የሰው ጆሮ ውስጥ ገብቶ እንዲኖር የሚፈቀድለት ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ሚስቴን ለመንኳት። የመንገዱ ባጃጅ ድምፅ እንዳይገባ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ፊደሉን በሙሉ ሲላላም ሲጠብቅም እየጠራች ቀረጽኳት። ላብ በላብ ሆና ስትወጣ "ይኼ ለወንድሜ ነው፤ ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ" አለችኝ።

ቀጥሎ የሚያነበው ፕሮግራም መጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መልእክቱ ከስልኩ በገመድ ወደ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ፊደሎቹን በመጡበት ተራ አንድ በአንድ ይቀበልና ቃል ያደርጋቸዋል፤ የየትኛው ቋንቋ ቃል እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚነበብ ይወስናል፤ ከዚያ በሚስቴ ድምፅ ይናገራል። በሙያችን እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ፓርሰር እንለዋለን፤ ፊደሎቹ የሚመጡለትን መንገድ ደግሞ ስትሪም። የእኔ ስትሪም አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ "ቀጣዩን ስጠኝ"። አንዴ የተሰጠ ፊደል ሄደ ነው፤ መልሼ ልየው ብትል የለም። ያን ጊዜ ይህ ጉድለት አልመሰለኝም። ጥራት ነበር የመሰለኝ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ጽፌው "አያችሁ፣ ትርፍ ነገር የለውም" ብዬ ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ። እነሱም ጻፉት።

ፕሮግራሙ የሚስቴን ድምፅ ስለያዘ ሳላውቀው "እሷ" ማለት ጀመርኩ። ያልገባት ቃል ሲያጋጥማት ዘላ እንድታልፍ አደረግኳት። በማታውቀው ነገር ላይ ከመንተባተብ ዝም ብሎ ማለፍ ጨዋነት ነው አልኩ። እኔ ራሴ ስብሰባ ላይ የምጠቀምበት ዘዴ ነው።

ጋሼ ቤት ወስጄ ስተክላት፣ መጀመሪያ ያነበበችው ያንኑ የቢላውን ሰላምታ ነበር። በቀስታ፣ በትክክለኛ ኦሮምኛ፣ በሚስቴ ድምፅ። ጋሼ ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙ።

"እንደገና" አሉ።

እንደገና አስነበብኳት።

"ሶዳ ኮ" አሉኝ። ፈገግ አሉና "ቢላ ያለችው እኅቴ የላከችውን፣ ነቀምቴ ያለችው እኅቴ ታነብልኛለች። ከእነዚህ ሁለት ሴቶች መቼም አልገላገል" አሉ።

በዚያ ደስታ ላይ እያለሁ ነው ኅዳር የገባው። አንድ ቀን ጋሼ ደወሉልኝ። ቢላ አጠገብ ያሉት አጎታቸው መልእክት ልከዋል፤ ማሽኗ "ነገ ዳቦ አለን፣ ሁላችሁም ኑ" ብላ አንብባዋለች።

"በአዘቦት ቀን የምን ዳቦ ነው?" አለች ሚስቴ።

"ልደት ይሆናል" አልኩ። "ወይም የተመረቀ ልጅ አለ።"

በማግስቱ ጋሼ ለተማሪዎች ምረቃ የሚለብሱትን ሱፍ ለበሱ፤ እኔ አዲሱን ጫማዬን አደረግሁ። ሚስቴ ሥራ ስለነበረባት ቀረች። በሚኒባስ ቢላ ደርሰን፣ ከዚያ ትንሽ በእግራችን ሄደን አጎት ቤት ስንገባ ግቢው ጭር ብሏል። የአጎት ሚስት ከጓዳ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ሱፉን አዩ። ከዚያ ጫማውን።

"ሰዉ ሁሉ ማሳ ነው" አሉ። "ማጭዳችሁስ?"

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "መልእክቱ ላይ ማጭድ የሚል አለ?"

ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁት። አለ። ዓይን እያለኝ ስልኩን ራሴ ማየት አልታሰበኝም ነበር፤ ማሽኔ አንብባው የለ? በኦሮምኛም እንደ አማርኛው ዳቦና ደቦ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱ ተስቦና ጠብቆ፣ አንዱ አጥሮ ነው የሚነገረው። በላቲን ፊደል በችኮላ ሲጻፉ ግን አንድ ይሆናሉ። አጎት የጻፉት ስለ ደቦ ነው፦ ነገ የጤፍ አጨዳ ደቦ አለን፣ ማጭድ ይዛችሁ ኑ። ማሽኗ የመጀመሪያዋን ቃል ስታገኝ ዳቦ ናት ብላ ቆረጠች። ከዚያ "ሃምቱ" የሚል ቃል መጣ፣ ማጭድ ማለት ነው። ዳቦና ማጭድ አልገጠሙላትም። ተመልሳ ያቺን የመጀመሪያ ቃል እንደገና እንዳታያት ፊደሎቹ ሄደዋል፤ ያስተማርኳት ቀጣዩን መቀበል ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ አሳዳጊዋ አደረገች። ማጭዱን ዘለለችው።

ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ጋሼ እስክጨርስ አልጠበቁም፤ ኮታቸውን አውልቀው አጥር ላይ ሰቀሉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና "ወደ ማሳው ምራኝ" አሉ።

ነዶ ማሰር ልጅ ሆነው ያደጉበት ሥራ ነው። አጫጆቹ ጥለው የሚሄዱትን ጤፍ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እየሰበሰቡ ያስሩ ጀመር፤ ከሌላው ሰው እኩል። ለእኔ አንድ ትርፍ ማጭድ ተገኘልኝ። ጥቂት እንዳጨድኩ አጎት መጥተው ከኋላዬ ሳይታጨድ የቀረውን ጤፍ አዩና፣ በጣም በትሕትና፣ ነዶ ብሸከም እንደሚሻል ነገሩኝ። ነዶው ከትከሻዬ ሲፈታ ደግሞ ውሃ ባመላልስ ይሻላል ተባለ። ውሃውን ካፈሰስኩ በኋላ ያሉኝ ጥላ ሥር እንዳርፍ ነው።

ጋሼ አጠገብ ነዶ የምታስር ሴት ነበረች። ቢላ አማርኛ የምታስተምር መምህርት ናት፤ ከአባቷ ጋር ለደቦው መጥታለች። ጥላው ሥር ሆኜ ሲነጋገሩ እሰማለሁ።

"የሱፍ ሱሪ ለብሶ ነዶ የሚያስር ሰው ዛሬ አየሁ" አለቻቸው።

"ማሽን ናት እንዲህ ያለበሰችኝ።"

"የምን ማሽን?"

"መልእክት የምታነብልኝ። ዳቦ አለ ብላኝ መጣሁ።"

መምህርቷ ሥራዋን አቁማ ሳቀች። "ማን ነው የሠራት?"

ጋሼ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። እዚያ መሆኔን በምን እንዳወቁ አላውቅም፤ ምናልባት በማለክለኬ። "ያ ውሃ የደፋው ሰውዬ" አሉ።

አመሻሽ ላይ ቄሪቦ ጠጥተን፣ በእውነትም ዳቦ በልተን ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ ጋሼ "የመምህርቷን ስልክ ይዣለሁ" አሉ።

"ጥሩ ነው" አልኩ።

"እነሱ ሰፈር ኔትወርኩ ደካማ ነው። ድምፅ ይቆራረጣል፤ የሚያልፈው ጽሑፍ ነው። ማሽንህን አስተካክል።"

ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የምትችል ማሽን መሥራት የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። የሚያስፈልገው ግልጽ ነው፦ አንድ ቃል ሁለት ዓይነት ሊነበብ ከቻለ፣ አንዱን ይዞ ወደ ፊት መሄድ፤ አልገጥም ሲል ተመልሶ ሌላውን መሞከር። እንዴት እንደሚመለስ ግን ስትሪሙ ማወቅ አለበት። አንድ ቀን ጋሼን በብሬል ሲያነቡ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

"ቀኝ እጄ ይቀድማል። ግራው መስመሩ መጀመሪያ ላይ ይጠብቃል። ካልገባኝ ቀኙ ወደ ግራው ይመለሳል።"

"ግራው በአንድ ጊዜ ስንት ቦታ ሊጠብቅ ይችላል?"

"ስንት ግራ እጅ ያለኝ መሰለህ?"

በዚህ መልስ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ቢሮ ገብቼ ሰሌዳውን ሞላሁት። "ምልክት አድርግ" የሚል ትእዛዝ ጨመርኩ፤ "ወደ ምልክቱ ተመለስ" ጨመርኩ። ይህ ይበቃ ነበር። ግን በምልክት ውስጥ ምልክት ቢያስፈልግስ? ጨመርኩ። እንግዲያው "ምልክቱን ልቀቅ" ያስፈልጋል። ሳትወስድ "አጮልቀህ እይ"፤ "ራቅ አድርገህ አጮልቅ"፤ "ከምልክቱ ምን ያህል እንደራቅህ ንገረኝ"። ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር ለአንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚሆን ይመስል ነበር።

ቢሮ የምትጋራኝ ባልደረባዬ ኔትወርክ ነው የምታስተምረው፤ ቃል አታባክንም። ሻይዋን ይዛ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበች።

"መልእክቶቹ ምን ያህል ይረዝማሉ?" አለችኝ።

"ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር።"

"ታዲያ ሙሉውን ለምን አትይዘውም? ይዘኸው፣ የት እንደደረስክ ብቻ ብታስታውስ?"

"በጣም ረጅም ቢመጣስ?"

"ማን ነው የሚልከው?"

"ለወደፊቱ ነው" አልኳት።

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አዘንኩላት፤ የትልቅ ሥራ አወቃቀር አይገባትም ብዬ።

አዲሷ ማሽን ከአሮጌዋ እንደምትሻል መካድ አይቻልም። ደቦን ከዳቦ መለየት ቻለች። መምህርቷ ከቢላ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለች ትጽፋለች፤ ማሽኗ ታነባለች፤ ጋሼ ይመልሳሉ። መጀመሪያ ስለ ተማሪዎች ነበር የሚጻጻፉት፣ ከዚያ ስለ መጻሕፍት፣ ከዚያ ስለ ምን እንደሆነ አልተነገረኝም። ችግሩ ድምፁ ላይ ነበር። አንድ ከሰዓት ሚስቴ ወንድሟ ቤት ስትደርስ፣ ራሷ ከውስጥ "ናፍቀኸኛል" ስትል ሰማች። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ጋሼ ጠሩኝ። "ሌላ ድምፅ ማድረግ አይቻልም?"

"የእኔን ልቅረጽልዎት?"

"የእኅቴ ይሻላል" አሉ፤ ሳያስቡበት።

ማሽኗ ሁለት በሽታ ነበረባት። አንደኛው፣ ግምቷን ወዲያው ትናገራለች። ሐሳቧን ለውጣ ከተመለሰች የመጀመሪያው ግምት ቀድሞ ከአፏ ወጥቷል፤ ሁለተኛውን ከላይ ትደርበዋለች። ይህን አውቀዋለሁ፤ ቅልጥፍና ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ሁለተኛውን አላወቅሁም ነበር። ሁለት ንባብ ያለው ቃል ባጋጠማት ቁጥር ምልክት ታደርጋለች፤ ምልክቱን መልቀቅ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ "ምልክቱን ልቀቅ" የሚለውን ትእዛዝ በሚያምር ሁኔታ ጽፌ ሳበቃ መጥራቱን ረስቻለሁ። እንዲህ ያሉ ቃላት በተከታታይ ሲመጡ የቆመ ምልክት በቆመ ምልክት ላይ ይከመራል፤ እሷም በመካከላቸው ትመላለሳለች።

ይህ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ጋሼ መምህርቷን ለማግባት ሽማግሌ ወደ ቢላ ላኩ። እሑድ ነበር፤ ሦስታችን፣ ጋሼ፣ ሚስቴና እኔ፣ እሳቸው ቤት ተቀምጠን እንጠብቃለን። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ስለሆኑ ስልካቸው አይሠራም። ከሰዓት በኋላ መልእክት ገባ፤ ከመምህርቷ ነው። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ማሽኗ ጀመረች።

"አባቴ ሽማግሌዎቹን በደስታ ተቀበለ።"

ሚስቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

"ሠርጉ ገና ነው" አለች ማሽኗ፣ ላልታ። ገና ብዙ ይቀራል፣ እንደሚባለው።

የሚስቴ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ማሽኗ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ እንደገና "ሠርጉ ገና ነው" አለች፤ አሁን አጥብቃ። ለገና በዓል፣ እንደሚባለው። ጋሼ ቀና አሉ። ማሽኗ ግን አልጨረሰችም፤ የሚቀጥለው ቃል "አለ" ነበር፣ እሱም ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ ነው። ተመለሰች። "ሠርጉ ገና ነው"፣ ላልታ። ተመለሰች። "ሠርጉ ገና ነው"፣ አጥብቃ። እየቆየች፣ እየተጎተተች ሄደች። በመጨረሻ "ሠ... ር..." ብላ ቆመች። ላፕቶፑ ማራገቢያው ብቻ ይጮኻል።

"ላልቶ ነው ጠብቆ?" አሉ ጋሼ።

ስልኩን አነሳሁ። ገ እና ና ተቀምጠዋል። ፊደላችን ላልቶ ይሁን ጠብቆ አይናገርም፤ ያን ቀን እንደጠላሁት ጠልቼው አላውቅም። ሁለቱም ሰዎች ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረዋል። መልስ መስጠት ያለብኝ መሰለኝ።

"ላልቶ ነው" አልኩ።

"ምን ማለት ነው?" አለች ሚስቴ። "አይቸኩሉ ማለታቸው ነው?"

ጋሼ ተነሡና እየዳሰሱ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። "ዕድሜዬን አይተው ይሆናል" አሉ በዝግታ። "ወይም ዓይኔን። በደስታ ተቀብሎ ማዘግየት፣ እሱም የጨዋ ደንብ ነው።"

ያን ጊዜ ነው ከመልእክቱ ቀሪ መስመር እንዳለ ያየሁት። እንዲህ ይላል፦ "ታኅሣሥ ሳይገባ የልብስህን ልክ ላክልኝ፤ ሰፊው ሥራ ይበዛበታል።"

ስልኩን ይዤ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። "ጋሼ" አልኩ፤ "ጠብቆ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

የቀረውን መስመር አነበብኩላቸው። ታኅሣሥ የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ትከሻቸው ወረደ። ዘወር ሲሉ እንባቸውን ይሁን ሳቃቸውን እንደያዙ መለየት አልቻልኩም።

"ሶዳ" አሉ። ባዶውን ሶዳ። "ሰው መጀመሪያ ጨርሶ ያነባል፣ ከዚያ ይናገራል። ያቺን ማሽን ያስተማርካት አንተ መሆንህን ዛሬ አመንኩ።"

የሚስቴ እልልታ የተሰማው ከዚህ በኋላ ነው፤ ትንሽ ዘግይቶ፣ ግን ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ሰሌዳውን አጠፋሁት። ባልደረባዬ አቧራው ሻይዋ ላይ እንዳይወድቅ ብርጭቆዋን ወደ ጥግ አራቀች። አዲሱ ስትሪም ፊደሎቹን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ በሙሉ ተቀብሎ ይይዛቸዋል። የት እንደደረሰች የሚናገረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ወደ ኋላ መመለስ ማለት የድሮውን ቁጥር መያዝ ነው፤ የሚደረግ ምልክት የለም፣ ስለዚህ የሚረሳ ምልክትም የለም። ሌላ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ማሽኗ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ ሞክራ አንዱን ንባብ ሳትመርጥ ድምፅ አታወጣም። በውስጧ የፈለገችውን ያህል ትሳሳት፤ ለማንም አትነግርም። ስጽፈው ከሰዓት በፊት አለቀ። ወራት የፈጀብኝ ሥራ ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ገጽ አልሞላም።

"ሙሉውን ያዝኩት" አልኳት ባልደረባዬን፤ ከራሴ የመነጨ ሐሳብ እንዲመስል እየጣርኩ።

"ጥሩ" አለች።

ሠርጉ በገና ሆነ። ጋሼ አዲስ ሱፍ ለብሰው፣ መምህርቷ ከጎናቸው ሆና በነጭ ቀሚስ፣ ቢላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው ሲዘመርላቸው የአጎት ሚስት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ውሃ የሚያመላልስ ሰው እንደጎደለ ነገሩኝ። ሄድኩ።

አሁን መምህርቷ ነቀምቴ ተዛውራለች፤ አንድ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ መልእክት አይጻጻፉም። ማሽኗ ሥራ ፈታ ትቀራለች ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ሌላ ሥራ አገኙላት፤ ተማሪዎቻቸው የታሪክ ጽሑፋቸውን በስልክ እንዲልኩላቸው አደረጉ።

በዚያው ሰሞን ደወሉልኝ። "ሶዳ፣ ማሽኗ ሞታለች።"

በባጃጅ ሄድኩ። ማሽኗ አልሞተችም። አንድ ተማሪ ስለ ድሮ የንግድ መንገዶች የጻፈውን ይዛ አራት ነጥቡን እየጠበቀች ነው። ተማሪው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም አራት ነጥብ አላደረገም፤ እሷ ደግሞ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ እንዳትናገር ተብላለች። አስተዳደጓ ነው።

"ገደብ ላደርግላት እችላለሁ" አልኩ። "ከተወሰነ ፊደል በኋላ ራሷ..."

"ተዋት" አሉ ጋሼ። "ትክክል ናት።"

በማግስቱ ክፍል ገብተው፣ አራት ነጥብ የማያደርግ ተማሪ ሥራው ስለማይሰማ እንደማይታረምለት አስታወቁ። ተማሪዎቹ ተደናገጡ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ጽሑፍ በጥቂት ቃላት፣ አንዳንዴም በቃል በቃሉ አራት ነጥብ አለበት። ማሽኗም በሚስቴ ድምፅ፣ ዳገት ወጥቶ እንደደከመ ሰው እያረፈች ታነባለች፦ "ነጋዴው። በቅሎውን። ጭኖ። ከነቀምቴ። ተነሣ።"

ሚስቴ ሰምታው "እኔ እንዲህ ነው የማወራው?" አለችኝ።

አይደለም አልኳት። ተማሪዎቹ ናቸው አልኳት። ይህን የሚያስተካክል አንድ ትእዛዝ፣ ምናልባትም ሁለት፣ ስትሪሙ ላይ ልጨምር እያሰብኩ ነው። ለባልደረባዬ እስካሁን አልነገርኳትም።